ከአለቱ እስከ ዛፉ፤ የፐርሲ ጃክሰንን መጻሕፍት በጫግኒ እንደገና ስለ ማንበብ

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ጉዳይ ከኢትኖሎጂ ማኅበር መጽሔት ይልቅ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት የሚገባ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጉዳዩም አሜሪካዊው ደራሲ ሪክ ሪዮርዳን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለወጣቶች የጻፋቸው፣ የጥንት ግሪኮችን አማልክት ወደ ዛሬይቱ ኒው ዮርክ ያመጡት የፐርሲ ጃክሰን ልብ ወለዶች ናቸው። ነገር ግን አፈ ታሪክ ከሕዝብ አፍ ወጥቶ ወደ ገበያ መጽሐፍ ሲገባ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጎድል መጠየቅ የእኛ የሙያ ሥራ ነው። ጥያቄውም ባለፈው ክረምት በጫግኒ በእናቴ ቤት ሳለሁ ከመጽሐፍ ወጥቶ እስከ ጎረቤት ስለ ደረሰብኝ፣ ነገሩን ከጨዋታ የማልቆጥርበት ምክንያት አለኝ።

መጽሐፉ መጀመሪያ እጄ የገባው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል ሲዘዋወር ነበር። ባለታሪኩ ፐርሲ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ይባረራል፤ ሲያነብ ፊደሎቹ ከገጹ ላይ እየተነሡ ይንሳፈፉበታል፤ መምህራኑም እንደ ሰነፍ ይቆጥሩታል። ኋላ ግን አባቱ የባሕሩ አምላክ ፖሰይዶን መሆኑ ሲገለጥ፣ የእንግሊዝኛው ፊደል የሚሸሸው አእምሮው ለጥንታዊው ግሪክ ቋንቋ የተሠራ ስለ ሆነ መሆኑን ይረዳል። ይህ አሳብ ከየት እንደ መጣ ደራሲው ራሱ ተናግሯል። ሪዮርዳን በሙያው መምህር ነበር፤ ማንበብ ይቸግረው የነበረው ልጁ ማታ ማታ የግሪክ ተረት እንዲነግረው ይጠይቀው ስለ ነበር፣ የጥንቶቹ ተረቶች ሲያልቁበት ይህን አዲስ ልጅ ፈጠረለት። እኔ በዚያን ጊዜ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው በቤት አውኚ፣ በከተማው ትምህርት ቤት አማርኛ፣ በፈተና ወረቀት ላይ ደግሞ እንግሊዝኛ እየተከተለኝ ማደጌን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቋንቋ ላይ የሚሰናከል ልጅ ጎደሎ ሳይሆን የሌላ ርስት ወራሽ መሆኑን የሚነግር መጽሐፍ ከዚያ በፊት አልገጠመኝም። ስለዚህ ወደድሁት፤ ዛሬም ይህን ውለታውን አልክድም።

የመጻሕፍቱ ደስታ በአንድ ቀላል ዘዴ ላይ የቆመ ነው። ደራሲው ከጥንቱ ነገር አንዱንም አይሽርም፤ ለሁሉም በአሜሪካ ኑሮ ውስጥ የሚስማማውን ሥራ ይሰጠዋል። ያየቻትን ዓይን ሁሉ ወደ ድንጋይ የምትለውጠው ሜዱሳ በኒው ጀርሲ መንገድ ዳር የአትክልት ቦታ ሐውልት ነጋዴ ናት፤ ወደ ሙታን ዓለም የሚያስገባው በር በሎስ አንጀለስ በአንድ የሙዚቃ መቅረጫ ቤት ውስጥ ይገኛል፤ የአማልክቱም መንበር ኦሊምፖስ ከኢምፓየር ስቴት ሕንፃ በላይ፣ በስድስት መቶኛው ፎቅ ላይ ነው። ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሜዱሳ ሐውልት ስትሸጥ ሐውልቶቹ ከየት እንደ መጡ አንባቢው ከልጁ ቀድሞ ያውቃልና እየሳቀ ይፈራል። ሳቅንና ፍርሃትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስማምቶ መያዝ እንደ ቀላል የሚታይ ችሎታ አይደለም፤ በሁለተኛው ንባቤም ከዚህ ችሎታ አንዳች ቀንሶ አላገኘሁትም።

ይሁን እንጂ በዚህ ዓለም ውስጥ በመጀመሪያው ንባቤ ሳላስተውለው ያለፍሁት አንድ ሕግ አለ። አማልክቱ ለምን በአሜሪካ ይኖራሉ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የልጆቹ አስተማሪ ኪሮን የሚሰጠው መልስ አማልክቱ የምዕራቡን ሥልጣኔ እሳት እየተከተሉ ከግሪክ ወደ ሮማ፣ ከሮማም ኃይል ወደ በረታባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ተሻገሩ የሚል ነው። ለልብ ወለዱ አሠራር መልሱ በቂ ነው፤ አለዚያ ዜውስን ከኒው ዮርክ ሰማይ በላይ ማኖር አይቻልም ነበር። ነገር ግን የግሪክን መጻሕፍት ለሚያውቅ ሰው አንድ እንግዳ ነገር አለበት። ሆሜር የሚያውቃቸው አማልክት ወደ ምዕራብ ብቻ የሚጓዙ አልነበሩም። በኢልያድ መጀመሪያ ላይ ዜውስ አማልክቱን ሁሉ አስከትሎ ነቀፋ ወደሌለባቸው ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ይሄዳል፤ የሚመለሰውም በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ኦዲሴም የሚጀምረው ፖሰይዶን ከኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብር ገብቶ ሳለ፣ የእርሱን አለመኖር ተገን አድርገው ሌሎቹ አማልክት በኦዲሴዎስ ጉዳይ ሲመክሩ ነው። እንግዲህ የፐርሲ አባት በጥንቱ መጽሐፍ ውስጥ መጀመሪያ የምናገኘው በኛ ስም በተጠራ አገር በማዕድ ተቀምጦ ነው ማለት ነው። ይህን መንገድ የሪዮርዳን ካርታ አያሳይም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሆሜር ኢትዮጵያ ዛሬ የምንኖርባት አገር ናት ለማለት አልደፍርም። ቃሉ በግሪኩ ፊታቸው በፀሐይ የተቃጠለ ሰዎችን ያመለክታል፤ ሆሜርም ከውቅያኖስ ዳር በምሥራቅና በምዕራብ ተከፍለው ይኖራሉ ከማለት በቀር ወሰናቸውን አይነግረንም። የአንድሮሜዳንም አለት ብዙዎቹ የጥንት ጸሐፊዎች የሚያሳዩት በኢዮጴ፣ ዛሬ ያፋ በምትባለው ወደብ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎቻችን እንደሚያደርጉት ጥንታዊ መጽሐፍ ኢትዮጵያ ባለ ቁጥር መሬት ለመለካት መነሣት ለሊቅ አይገባውም። እኔን የሚገደኝ ከመሬቱ ይልቅ በስሙ የተነገረው ነገርና የነገሩ አያያዝ ነው።

የአንድሮሜዳ ታሪክ ለአንባቢዎች የታወቀ ቢሆንም በአጭሩ ላስታውሰው። የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ሚስት ካስዮጵያ ከባሕር ደናግል በውበት እንበልጣለን ብላ ትመካለች፤ ፖሰይዶን ተቈጥቶ የባሕሩን ጎርፍና አውሬ ይልካል፤ ንጉሡም የአምላኩን ቃል ጠይቆ ልጁን ከአለት ላይ በሰንሰለት ያስራታል። ፐርሴዎስ በአየር ሲያልፍ አይቷት፣ ካዳንኋት ትዳርልኛላችሁ ብሎ ከወላጆቿ ጋር ከተዋዋለ በኋላ አውሬውን ይገድለዋል። በሪዮርዳን ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ እንደሚነገረው የልጁ እናት ለልጇ ፐርሴዎስ የሚለውን ስም የሰጠችው ከግሪክ ጀግኖች መካከል ፍጻሜያቸው ካማረላቸው ከጥቂቶቹ አንዱ ስለ ሆነ ነው። ፍጻሜው ያማረው እንዴት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ አንድሮሜዳን አግብቶ ከእርስዋ ጋር በሰላም መኖሩ ነው። የስሙ በረከት የመጣው ከኢትዮጵያዊቱ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ እርስዋ በመጻሕፍቱ ውስጥ የት ናት? እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው በሁለተኛው መጽሐፍ የጠላት ወገን የሚጓዝበት ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ስሙ ልዕልት አንድሮሜዳ ነው። በመርከቡ ግንባር ላይ ሦስት ፎቅ የሚያህል የሴት ምስል ተቀርጿል፤ ጠጉሯ ጥቁር፣ ልብሷ ነጭ፣ እጆቿ በሰንሰለት የታሰሩ፣ ፊቷም በድንጋጤ የተሞላ ነው። ፐርሲ ምስሉን ሲያይ ታሪኳን በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር አስታውሶ፣ ወላጆቿ ያሰሯት ምናልባት በትምህርቷ እየወደቀች ይሆናል ብሎ ቀልዶ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው በአምስተኛው መጽሐፍ መርከቡ በፈንጂ ይቃጠላል። የአንድሮሜዳ ነገር ይኸው ነው። አውሬውን የላከው የቀልደኛው የገዛ አባቱ መሆኑ በዚያ ስፍራ አይነሣም፤ የአዳኙን ስም የተሸከመው ልጅ የላኪው ልጅ ነው። ደራሲው ይህን ቢያነሣው ኖሮ ከመጽሐፉ ምርጥ ገጾች አንዱ ሊሆን ይችል እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ በሌሎች ስፍራዎች አማልክቱ በልጆቻቸው ላይ የሚያደርሱትን በደል በድፍረት ይከስሳልና።

ሪዮርዳን ወደዚህ ዓለም ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ባወጣቸው ሁለት አዳዲስ መጻሕፍት ፐርሲ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከአማልክት ዘንድ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያመጣ ይታዘዛል። የድጋፍ ደብዳቤ ለማግኘት ቢሮ ለቢሮ የተመላለሰ የኛ አገር ምሩቅ ሁሉ በዚህ አሳብ ሳይስቅ አይቀርም፤ እኔም ሥቄአለሁ። መጻሕፍቱ ለስላሳና ደስ የሚሉ ናቸው፤ ነገር ግን ጉዳታቸውም እዚያው ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት መጻሕፍት ልጁ ሊሞት ይችል ነበር፤ በአዲሶቹ የሚያሰጋው የትምህርት ቤት መግቢያ ቀን ማለፍ ነው። ደራሲው የቀድሞ አንባቢዎቹን ወደ ቤታቸው ጋብዞ ወንበሩንና ምንጣፉን ሳይነካ አቆይቶላቸዋል፤ እኛ ግን አድገናል።

ይህን ሁሉ በልቤ እያብሰለሰልሁ ነበር ባለፈው ክረምት ወደ ጫግኒ የወረድሁት። የጫግኒ ክረምት ከእንጅባራው የሚሞቅ ቢሆንም ዝናቡ አይተናነስም፤ መብራቱም ማታ ማታ ይሄዳል። የእኅቴ ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ታሪክ ካልነገርኸኝ ብላ ስለ ያዘችኝ የፐርሲን ነገር በአማርኛ ተረክሁላት። የሐውልት ነጋዴዋ ላይ በጣም ሣቀች። ወደ አንድሮሜዳ ስደርስ ግን ጥያቄ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ራሷ ለምን አልፈታችውም?»

«እጇ ታስሯል።»

«አፏስ?»

ይህን ጥያቄ በውጭ አገር ለሦስት ዓመት ስማር ከአንድም መምህር አልሰማሁትም። በእርግጥም በጥንቱም ሆነ በአዲሱ ታሪክ የአንድሮሜዳ አፍ ሥራው ጥቂት ነው፤ በኦቪድ ለፐርሴዎስ ማንነቷንና የእናቷን ጥፋት ትነግራለች፣ አውሬው ሲመጣ ትጮኻለች፤ በሪዮርዳን ይህም ቀርቶ እንጨት ሆናለች።

በሁለተኛው ማታ ስሕተት ሠራሁ። ልጅቱ በኛ አገር ነገር የተጻፈ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም ወይ ብላ ብትጠይቀኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን የሎረን ብላክውድን ልብ ወለድ አስታወስሁ። ደራሲዋ ከጃማይካ ወገን የሆነች አሜሪካዊት ናት። መጽሐፉ የሻርሎት ብሮንቴን የጄን ኤርን ታሪክ ወስዶ በኢትዮጵያ አምሳል በተሣለ አገር ላይ ያቆመ ሲሆን፣ ባለታሪኳ አንድሮሜዳ ትባላለች። በዚህኛው ግን አንድሮሜዳ የታሰረች ልዕልት ሳትሆን ደብተራ ናት፤ ከብር ክታብ እየሠራች ርኩስ ኃይልን ታባርራለች፤ ቡዳ የሰፈረበትን የአንድ ወጣት ጌታ ቤተ መንግሥት ለማንጻትም ትቀጠራለች። ጅቡም በታሪኩ ውስጥ አለ። ይህን ሁሉ ለልጅቱ በጨለማ ስተርክላት እናቴ ባቄላ መልቀሟን አቆመችና «በማታ ስሙን አትጥራ» አለችኝ። የእናቴን ነገር እንደ ጥንት ወግ ቆጥሬ ቀጠልሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ልጅቱ ከአንዲት የሠፈር ጓደኛዋ ጋር መጫወት እንደ ተወች እኅቴ ነገረችኝ። የጓደኛዋ እናት ምጣድና ጀበና ሠርታ በገበያ ቀን የምትሸጥ ሸክላ ሠሪ ናት። ልጅቱን ለብቻዋ ጠርቼ ብጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እናቷ ማታ ጅብ ትሆናለች እንዴ?» አለችኝ። እኔ ስለ ሸክላ ሠሪ አንዲት ቃል አልተናገርሁም ነበር። በመጽሐፉ ቡዳው የሰፈረው በባለጸጋው ጌታ ቤት ነው፤ እኔም እንዲሁ ነበር የተረክሁት። ደራሲዋ ከሸክላ ሠሪ ጫንቃ አንሥታ በጌታ ላይ የጫነችውን ልጅቱ በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው ስፍራ መለሰችው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች እንግዳ አይደለም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ቡዳ የሚባለው ሰው ብዙውን ጊዜ መሬት የሌለው ባለ እጅ ነው፤ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ፣ በአንዳንድ ስፍራም ሸማኔ። ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ አማራ የቡዳ እምነት ባሳተመው ጥናት ይህን በባለ ርስቱና በባለ እጁ መካከል ያለውን ልዩነት ዋና ነገር አድርጎ አሳይቷል። ሐጋር ሰላሞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው መጽሐፍ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በዚሁ ስም ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲቀራረቡም ሲራራቁም እንዴት እንደ ኖሩ ጽፋለች፤ የመጽሐፉም ስም ከጅብ የተወሰደ ነው። ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ታየ የሚለውን ወሬ እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ ሳለ መዝግቦታል፤ እኔም ያንኑ ጉትቻ በልጅነቴ በጫግኒ ሰምቼዋለሁ። ሁለት መቶ ዓመትና ያን ያህል ርቀት ያለፈ ጉትቻ በአንድ የአሜሪካ ልብ ወለድ አይጠፋም።

እንግዲህ የሪዮርዳን ነጻነት ከየት እንደ መጣ ያን ጊዜ ተረዳሁ። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ለአማልክት መሠዋትን ከከለከለ ወዲህ የሜዱሳ ነገር በማንም ጎረቤት ላይ አልወደቀም። በኒው ጀርሲ ሐውልት የሚሸጥ ሰው መጽሐፉ በወጣ ማግሥት ደንበኞቹ ዓይኑን ለማየት አልፈሩም። ደራሲው የሚጫወተው በቀዘቀዘ አመድ ነው፤ ለዚህም ነው እንደ ልቡ የሚያነሣውና የሚጥለው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድ አሳታሚ ቤት ጋር ሆኖ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ተወላጆች የየራሳቸውን አፈ ታሪክ እንዲጽፉ መንገድ መክፈቱ ያስመሰግነዋል፤ ከህንድም ከምዕራብ አፍሪካም ጥሩ መጻሕፍት ወጥተዋል። በእኛም ወጣቶች ዘንድ ፍላጎቱ አለ፤ ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣውን ጀምበር የተባለ ባለ ሥዕል ታሪክ ተማሪዎቼ በስልካቸው ሲቀባበሉት አይቻለሁ። ነገር ግን «እኛም እንደ ሪዮርዳን እናድርግ» የሚለው ጥሪ በየስብሰባው ሲሰማ፣ ጠሪዎቹ አመዱ የቀዘቀዘ መሆኑንና አለመሆኑን በእጃቸው አልነኩትም።

በዚህ ዓይን ሲታይ የብላክውድ መጽሐፍ ከአንባቢዎቹ ብዙዎች ከሰጡት ይልቅ የተለየ ፍርድ ይገባዋል። መጀመሪያ ሳነበው እንደ ኢትኖሎጂ ሰው ተቆጥቼ ነበር። ደብተራው ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዜማውና ከቅኔው ተነጥሎ እንደ እጅ ባለሙያ የሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ ሆኗል፤ በብራና የሚጻፈው ክታብ በብር ተቀርጿል፤ ቡዳም የቤት ግድግዳ የሚያደማ መንፈስ ሆኗል። ሦስቱም ከምናውቀው ጋር አይስማሙም። ዛሬ ግን ከሦስቱ ስሕተቶች የመጨረሻውን ስሕተት ልለው አልችልም። ደራሲዋ አውቃም ይሁን ሳታውቅ እርግማኑን ከድሀው ባለ እጅ አንሥታ በባለጸጋው ላይ፣ ያውም የዘመዶቹ በደል ባመጣበት ዕዳ፣ አሳርፋዋለች፤ ብርን የሚቀርጸውን እጅ ደግሞ የፈዋሽ እጅ አድርጋዋለች። በአገራችን ብረት የሚነካ እጅ ሲጠረጠር ነው የኖረው። ይህን ግልበጣ ያየ የኢትዮጵያ ተቺ አላጋጠመኝም፤ የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ግን እርሱ ይመስለኛል። ጉድለቱ ደግሞ ግልበጣውን አለማስረዳቱ ነው። የውጭው አንባቢ ከምን እንደ ተገለበጠ አያውቅም፤ የኛዋ ልጅ ደግሞ መገልበጡን ስላላየች ወደ ቦታው መለሰችው። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት የተጠረጠረች ሸክላ ሠሪ ቆማ ነጻ ብትወጣ ኖሮ የእኅቴ ልጅ ምን ትል እንደ ነበር እያሰብሁ ነው።

በማግሥቱ ከእኅቴና ከልጅቱ ጋር ወደ ሴትየዋ ቤት ሄደን ቡና ጠጣን። በምን ምክንያት እንደ መጣን አልነገርናትም፤ እርስዋም አልጠየቀችንም፤ ምናልባት ሳታውቀው አልቀረችም። ልጅቱ ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ጊዜ ቆየች። በሁለተኛው ዙር ጠጣችው።

እንግዲህ ከአገራችን ነገር ለወጣቶች ልብ ወለድ የሚሆን የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ፣ አንድ መነሻ ብቻ ልጠቁም፤ እርሱም ከአንድሮሜዳ ጋር ስለሚያገናኘን ነው። ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው የንግሥተ ሳባ የአክሱም ትውፊት ውስጥ፣ ሕዝቡ ለዘንዶ በየተራ ልጃገረድ ይገብር ነበር፤ ተራው እትየ አዜብ ለተባለችው ደርሶ ወላጆቿ ከዛፍ ላይ አሰሯት። ሰባቱ ቅዱሳን ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ እንባዋ ይንጠባጠብባቸዋል፤ ጠይቀው ነገሩን ከእርስዋ ከሰሙ በኋላ ዘንዶውን ይገድሉታል፤ ከደሙ ጥቂት ተረከዟ ላይ ወድቆ ተረከዟ እንደ አህያ ሰኮና ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ከግሪኩ ብዙም አይርቅም። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ይለያል። ቅዱሳኑ ይሄዳሉ እንጂ አያገቧትም። ወደ መንደሯ ስትመለስ ሕዝቡ ከዘንዶው አምልጣ የመጣች መስሎት ያባርራታል። እርስዋም በማግሥቱ ሰዎቹን ወስዳ ዘንዶው ሞቶ መውደቁን ታሳያቸዋለች፤ እነርሱም አለቃቸው አድርገው ይሾሟታል። በዚህ ትውፊት የታሰረችው ልጅ አፍ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ለቅዱሳኑ፣ ሌላ ጊዜ ለማያምኗት ወገኖቿ። ሰኮናዋም ቀርቶ ያየችውን ነገር ምስክር ሆኖ ይከተላታል። ዘንዶው ለማንም ጎረቤት ዘር አይደለም፤ በዚህ ታሪክ ማታ የሚታማ የለም። አንድ ደራሲ ልጅቱን ዛሬ በእንጅባራ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ በረጅም ቀሚስ ተረከዟን ሸፍና ቢያመጣት፣ ከሜዱሳ የሐውልት ሱቅ የሚያንስ ነገር አይሆንም።

ይህን ሁሉ ለእናቴና ለልጅቱ በመጨረሻው ማታ ነገርኋቸው፤ በዚህ ጊዜ መብራት ነበር። እናቴ የአክሱሙን ትውፊት ሰምታው እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ ነገር ግን ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አሳየችኝ። በአዊ ምድር ይህ ሥዕል ያለበት ቤት ብዙ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል ከሰማዕቱ ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰውም ነጩን ፈረስ እንደ ቤተሰብ ያውቀዋል። እኔም ሥዕሉን ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ፤ ዓይኔ ግን ሁልጊዜ በፈረሱና በጦሩ ላይ ነበር። በጥጉ ላይ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ መካከል፣ ብሩታዊት ተቀምጣለች። በአውሮፓውያን ሥዕል ይህች ልጅ በምድር ቆማ ወይም ተንበርክካ ትታያለች፤ ከዛፍ ላይ ያወጣት የኛ ሠዓሊ ነው። ከእትየ አዜብ ዛፍ ጋር ዝምድና ያለው መሆኑንና አለመሆኑን ሥዕል የሚያጠኑ ባልደረቦቼ ቢመረምሩት መልካም ነው።

«ፈርታ ነው የወጣችው» አለች የእኅቴ ልጅ።

«የለም» አለች እናቴ፤ «እንድታይ ነው። ኋላ ማን ይናገራል?»

ልጅቱ ወደ ሥዕሉ ቀርባ የብሩታዊት እጅ መታሰሩንና አለመታሰሩን በጣቷ ፈለገች፤ ሥዕሉ በጢስ ጠቍሮ ስለ ነበር ግን መለየት አልቻለችም።